ነገርን ከሥሩ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እኔ ቸኩዬ ያፈሰስሁት ግን እህል ሳይሆን የአንድ ልጅ ክብር ነበርና ለመልቀም አድክሞኛል። ተማሪም ሆንህ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፥ ታሪኩ አንድ ቀን ይጠቅምህ ይሆናል።

የማስተምረው በከዚራ ነው። ከዚራ የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የተቀየሰች፥ ቀጥ ባሉት መንገዶቿ ግራና ቀኝ ዛፍ ያጠላባት ሰፈር ናት። የኮምፒዩተር ክፍላችን ግን ጥላ የለውም። ከኮምፒዩተሮቹ የአብዛኞቹ ሃርድ ዲስክ ስለ ተበላሸ፥ የሚነሡበትን ፕሮግራም በኬብል ከአንድ ሰርቨር እንዲቀበሉ አድርጌአቸዋለሁ። ዘዴው ፒ.ኤክስ.ኢ ይባላል፤ ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ነው። ኮምፒዩተሩ ገና ሳይነሣ የኔትወርክ ካርዱ ይቀድመዋል፤ በ12 ፊደልና አኃዝ የሚጻፈውን መታወቂያውን ልኮ አድራሻ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም አድራሻ ሰጥቶ ፕሮግራሙን ያቀብለዋል። ካርዱ ዝም ካለ ግን ኮምፒዩተሩ ባዶ ሣጥን ነው።

አንድ ሰኞ ጧት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ለልምምድ ፈተና አስገባኋቸው። ብሔራዊው ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፥ እጃቸው እንዲፍታታ ፈልጌ ነበር። በመስኮቱ በኩል ያለው ኮምፒዩተር ግን «መነሻ አልተገኘም» ብሎ ቆመ። ዓርብ ዕለት በእሱ የሠራው ልጅ መነካካት ይወድ ነበርና፥ በክፍሉ ሁሉ ፊት «ምን አደረግኸው?» ብዬ ጮኽሁበት።

«ወላሂ ቲቸር፥ አልነካሁም» አለኝ።

አስወጣሁት። በማግሥቱም ከትምህርት ቤት ቀረ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ መመርመር ጀመርሁ። በኬብሉ መሰኪያ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት ትበራለች፤ እንግዲያው ኬብሉም ካርዱም ደኅና ናቸው። ነገር ግን ካርዱ አድራሻ ሲጠይቅ የሚታየው ጽሑፍ ጨርሶ አልወጣም፤ ይኸውም ጠይቅ ብሎ ያዘዘው የለም ማለት ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ ሳበራው ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ እየመታሁ ባዮስ ወደሚባለው ማስተካከያ ገባሁ። በኔትወርክ መነሣት ተዘግቷል! ከፍቼ ከመነሻዎቹ ፊተኛ አደረግሁት፤ መዝግቤም ስወጣ ኮምፒዩተሩ ተነሣ። «ልጁ ዘግቶት ነው» ብዬም ጥርጣሬዬ ባሰ።

ማክሰኞ ጧት ግን ያው ኮምፒዩተር እንደ ገና እምቢ አለ። ልጁ አልነበረም። ተመልሼ ባዮስ ስገባ ዓይኔ በላይ ካለው ቀን ላይ ዐረፈ፤ ልጁ ሕፃን የነበረበትን ዓመት ያሳያል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በአሮጌ ኮምፒዩተሮች መብራት ሲጠፋ ሰዓቱንና ያዘዝነውን ሁሉ የምትጠብቀው በማዘርቦርዱ ላይ ያለች እንደ ሳንቲም የከበበች ባትሪ ናት። እሷ ከሞተች ማሽኑ ወደ ፋብሪካ ልማዱ ይመለሳል፤ በእኛዎቹ የፋብሪካ ልማድ ደግሞ በኔትወርክ መነሣት ዝግ ነው። ጥበቃችን ጋሼም ማታ ማታ ዋናውን ማብሪያ ያጠፋሉ።

ደቻቱን ተሻግሬ መጋላ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ባትሪውን ገዛሁ። ቁጥሩ 2032 ነው፤ ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር፥ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ ኃይሉም 3 ቮልት።

ረቡዕ ዕለት ልጁን በጓደኛው አስጠራሁት። በሰው ፊት የሰደብሁትን በጓዳ ይቅርታ መጠየቅ አልበቃኝምና፥ በዚያው ክፍል ፊት ቆሜ «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ጥቂት ዝም አለና፥ «አቦ ቲቸር፥ ባትሪውን እኔ ልክተተው?» አለኝ። ከተተው፤ ቀኑንም ያስተካከለው እሱው ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ኮምፒዩተርህ በኔትወርክ አልነሣ ቢልህ፥ መጀመሪያ መብራቷን እይ፤ ቀጥሎ ኬብሉን ለውጥ፤ ከዚያ ባዮስን ክፈት፤ ቀኑንም ሳታነብ አትውጣ። ሰውን መጠርጠር ግን ከሁሉ በኋላ ይሁን። የባትሪዋን ምትክ ከሰዓት ሠሪ ታገኛለህ፤ የተሰበረ ልጅ ምትክ ግን የሚሸጥበት ሱቅ በመጋላም በከዚራም የለም።