እግር ሽቅብ ሲሰቀል

ባለ ሦስት ጎማዋን ብስክሌቴን የገዛሁት ለወገቤ ስል ነው። ጎልማሳነቴን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ስነዳ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ትርፉ የተንሸራተተ ዲስክ ሆነ። ሐኪሞቹ «ተንቀሳቀስ» ቢሉኝም ተራው ብስክሌት ወገቤን አጉብጦ መከራዬን አበላኝ። ይህችኛዋ ግን መደገፊያ ያለው ወንበር አላት። ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ መሐል ላይ በመረብ የተወጠረ መቀመጫ። ጋለል ትልና እግርህን ዘርግተህ ከፊትህ ከፍ ብሎ ያለውን ፔዳል ትረግጣለህ። አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ መንገድ ላይ አይተውኝ፣ «ልጄ፣ ምን ገጠመህ? ተኝተህ ነው እንዴ የምትሄደው?» አሉኝ።

ተኝቶ መጋለብ ግን የሰነፍ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍራንሲስ ፎር የተባለ ፈረንሳዊ፣ ሻርል ሞሼ በሠራው በጀርባ ተንጋልለው በሚነዱት ብስክሌት ፓሪስ ላይ በአንድ ሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ጋልቦ ክብረ ወሰን ሰብሯል። በዓመቱ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ይህን ዓይነቱን ብስክሌት ከውድድር አገደው። እኔ ክብረ ወሰን አላማረኝም፤ የፈለግኩት ወገቤ ዝም እንዲልልኝ ብቻ ነበር። ዝም አለ። ጩኸቱን የተረከበው እግሬ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የምጋልበው ደብሊው ኤንድ ኦዲ በሚሉት መንገድ ላይ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1968 ድረስ ባቡር ይሄድበት የነበረ መስመር ነው፤ አሁን ከአርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል የሚሆን አስፋልት ሆኗል። መንገዱ የሚያልፍባት ቪየና ከተማ ላይ ቀይ የባቡር ፉርጎ ለማስታወሻ ቆሟል፤ ሕመሙ የሚነሳብኝ እዚያ አካባቢ ስደርስ ነበር። መጀመሪያ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ጣቴ ሥር ፍም የረገጥኩ ያህል ይለበልበኛል። ቀጥሎ ውርር ያደርገኛል። በመጨረሻ ስሜቱ ጭራሽ ይጠፋል፤ ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ፣ መንቀሳቀሳቸውን ግን የሚነግረኝ የለም። ጫማዬ ፔዳሉ ላይ የሚቆለፍ ዓይነት ነው። መቆለፉም ያለምክንያት አይደለም፤ እዚህ ብስክሌት ላይ እግር ከፔዳል ካመለጠ መሬት ይነካና ብስክሌቱ ወደ ፊት እየሄደ ከሥሩ ይጎትተዋል። አጥንት ሊሰብር ይችላል። በደነዘዘ እግር መጋለብ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው፤ ማምለጡንም አታውቅም።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ስኳር ነበር። እናቴን የወሰዳት እሱ ነው፤ እሷንም የጀመራት እግሯን በማደንዘዝ ነበር። ባለቤቴ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ፤ «ነገ ዛሬ ሳትል ሄደህ ተመርመር» አለችኝ።

ሐኪሟ ዓይኔን አስጨፈነችና በቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግሬን እዚህም እዚያም ትነካ ጀመር። ክሩ ልክ 10 ግራም ሲጫነው የሚጎብጥ ነው አሉ፤ በተሰማኝ ቁጥር «አዎ» እላለሁ። ከዚያ መንታ ጫፍ ያለው የሚርገበገብ ብረት አውራ ጣቴ አጥንት ላይ አስደግፋ ንዝረቱ ሲቆም እንድነግራት አደረገች። ሁሉንም አገኘሁ። የሦስት ወር አማካይ ስኳሬም 5.4 ከመቶ ወጣ፤ ጤነኛ ነው። ከብስክሌቷ ስወርድ ድንዛዜው ምን ያህል እንደሚቆይ ጠየቀችኝ። ጥቂት ደቂቃ አልኳት። በእግር ጣቶች አጥንቶች መካከል የሚያልፉት ነርቮች ተጨቁነው ነው፤ እግር ከዳሌ በላይ ሲሰቀል ደግሞ ደሙ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ እግር ሲወርድ ድንዛዜው መልቀቁ መልካም ምልክት ነው አለች። ዲስክ እንዳለብኝ ስላወቀች ግን ሳታስጠነቅቀኝ አላለፈችም፦ ድንዛዜው ጭኔ መሐል ከደረሰ፣ ሽንት ካስቸገረኝ ወይም እግሬ ከሰነፈ በዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለብኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የመካኒክ ሆነ። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ብስክሌቷን አስቁሞ ተረከዜን ፔዳሉ ላይ ሊያስደግፍ ሞከረ፤ እግሬ ሙሉ በሙሉ ተወጥሮም ፔዳሉ ላይ የሚደርሰው በጣቴ ጫፍ ብቻ ሆነ። ፔዳሎቹን የያዘውን የፊት ብረት ወደ እኔ ሳበው፤ ይህን ሲያደርግ ካቴናው ረዝሞ ረገበና ጥቂት አንጓ መቁረጥ ግድ ሆነ። ቀጥሎ ጫማዬን ገልብጦ የመቆለፊያውን ብረት ሁለት ብሎን አላላና ወደ ተረከዙ በኩል እስከ መጨረሻው ገፋው። የተገፋበት ርቀት የጣት ወርድ እንኳ አይሞላም። የኔ እፎይታ ግን ከዚያች ትንሽ ቦታ ነው የመጣው፤ ጫናው ከነርቮቹ ላይ ተነስቶ ወደ እግሬ መሐል ሄደ።

የቀረውን ያወቅኩት ሳስተውል ነው። ተራ ብስክሌት ላይ መብራት ሲይዝህ እግርህን መሬት ታሳርፋለህ፤ ዳገት ላይ ቆመህ ትረግጣለህ። እዚህ ላይ አንዱም የለም። ቀይ መብራት ላይም እግርህ እንደተሰቀለ ነው። ዳገት ላይ ከባድ ማርሽ ይዘህ ጀርባህን መደገፊያው ላይ ተክለህ ስትገፋ ያ ሁሉ ኃይል ውስጥ እግርህ ላይ ያርፋል። እናም ማርሽ አቅልዬ ቶሎ ቶሎ መርገጥ ለመድኩ፤ ስቆም አንዱን እግሬን አላቅቄ አወርደዋለሁ። ጫማም ለወጥኩ፤ ሰፋ ያለ፣ ሶሉ የማይታጠፍ፣ ከሰዓት በኋላ እግር አበጥ ሲል የተለካ። የጫማን ክር ጥብቅ ማድረግ የምትወዱ ሁሉ፣ ተዉት።

እዚያው መንገድ ላይ፣ ሄርንደን፣ የማገኛቸው አንድ አዛውንት ተረከዝ የሚያቅፍ ፔዳል አላቸው፤ እግሩ ራሱን መሸከም አያስፈልገውም። እኔ እስካሁን አልገዛሁም፤ ዋጋው አይቀመስም። በብርድ ጊዜ ቀኝ እግሬን አሁንም አልፎ አልፎ ውርር ያደርገኛል።

በቅርቡ አብሮኝ ታክሲ ይነዳ የነበረ ወዳጄ ጉልበቱ አስቸግሮት ደወለልኝ፤ «ወንድሜ፣ እኔም ልገዛ ነው፤ የትኛዋን ትመክረኛለህ?»

«የጫማ ቁጥርህ ስንት ነው?» አልኩት።

«አንተ! ብስክሌት ነው የጠየቅኩህ!»