አንድ ቅዳሜ በዶርዜ

ከአዲስ አበባ ርቆ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ፣ መምህርም ይሁን የቢሮ ጸሐፊ፣ የዕረፍት ቀኑን የሚያሳልፍበት መንገድ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጠዋት አርፍዶ ይነሣል፤ ልብሱን ያጥባል፤ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጦ ስለ ዝውውር ያወራል። በዚህ ዓይነት ሁለትና ሦስት ዓመት ኖሮ፣ ደጁ ያለውን አገር ሳያይ የሚዛወር ጥቂት አይደለም። ፈረንጁ ግን ባሕር ተሻግሮ፣ ካሜራውን አንግቶ ይመጣና እኛ ያላየነውን አይቶ ይመለሳል።

በአርባ ምንጭ የሚሠራ ሰው «የሚታይ ነገር የለም» ብሎ ቢያመካኝ የሚሰማው አይገኝም። በአንድ ቅዳሜ ደርሶ የሚመለስበት፣ የሚገዛ ዕቃና የሚበላ ምግብ የሞላበት፣ ለዓይንም የሚያምር መንደር አለውና። ይኸውም በጋሞ ተራራ ላይ ያለው የዶርዜ መንደር ነው።

አራት ሆነን ሄድን፤ ሁለት መምህራን፣ አንዲት ነርስና በቅርቡ ሥራ የያዘ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ። ሚኒባሱ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ወደ ግራ ታጥፎ ዳገቱን ተያያዘው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ መንገዱ የሚያደርሳት ጨንቻ ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሙዙና ከማንጎው ቆላ ተነሥቶ እንሰትና ቀርከሃ ከሚበቅልበት ደጋ ይደረሳል። ከታች ላብ ያጠመቀው ሰው ከላይ ሹራብ ይፈልጋል። ወደ ኋላ ዞር ሲሉ አባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ በመካከላቸው ያለው ኮረብታ የእግዜር ድልድይ ይባላል። በየመታጠፊያው ሕፃናት እየጨፈሩ መኪናውን ይከተላሉ፤ የጨንቻን ፖም በቅርጫት የያዙ ነጋዴዎችም ከመንገዱ ዳር ቆመዋል።

ጨንቻ እስከ 1950ዎቹ ዓ.ም. ድረስ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። የዛሬው ወጣት ለሽርሽር የሚወጣውን ዳገት የዚያ ዘመን ሹምና ጸሐፊ ለሥራ ይወጣው ነበር ማለት ነው።

ዶርዜ ሲደርሱ አስቀድሞ ዓይን የሚይዘው ቤቱ ነው። እንደ ትልቅ ቅርጫት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጠልፎ ይሠራል፤ አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ፊት ለፊቱ እንደ አፍንጫ ወጣ ብሎ፣ ከበላዩ እንደ ዓይን ያሉ ሁለት ቀዳዳዎች ስላሉት የዝሆን ራስ ይመስላል። ከታች ምስጥ ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይጣላል፤ ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ብዙ አሥር ዓመታት ይኖራል። ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ስለዚህ የቤቱን ዕድሜ በቁመቱ መገመት ይቻላል፤ አጭሩ ቤት ሽማግሌው ነው።

ምሳችንን ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ በላን። እናትዮዋ እንሰቱን በቀርከሃ ፍቀው፣ በቅጠል ጠቅልለው ከጉድጓድ ቀብረው ያቆዩትን ቆጮ አውጥተው በእንሰት ቅጠል መካከል ጋገሩልን። ከማርና ዳጣ ከሚሉት የበርበሬ ድልህ ጋር ይበላል። ማሩ ምላስን ሲያባብል ዳጣው ይቆነጥጠዋል። ከዚያ በኋላ የመጣውን የነጭ ሽንኩርት አረቄ ነርሷ በሙያዋ ምክንያት አልፈቀደችልንም ነበር፤ ብርዱ ግን አማለደን።

የዶርዜ ዋናው ነገር ግን ሽመናው ነው። ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች እግራቸውን ከጉድጓድ ከትተው ይሸምናሉ። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ነጠላና ጋቢ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከዚህ ተራራ የወረዱ ሰዎች ናቸው፤ ለመስቀል በዓል ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉት ሱቆች ጋቢው፣ ፎጣው፣ ቀይና ቢጫ ከጥቁር የተሰለፈበት ዱንጉዛ ተሰቅሎ በነፋስ ይወዛወዛል።

የሒሳብ ሠራተኛው ጓደኛችን የመጣበት ጉዳይ ነበረው። እንደ አገራችን ልማድ ከመጀመሪያ ደመወዙ ለአባቱ ጋቢ ሊገዛ አስቦ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ዘንድ ገብተን ዋጋ ጠየቀ፤ 2,800 ብር አሉት። እሱ ከ1,800 ጀመረ። ሙያው ሒሳብ ነውና ብርቱ ተከራካሪ ነው። አንድ ጊዜ ወጥቶ እየሄደ፣ አንድ ጊዜ እየተመለሰ በመጨረሻ በ2,400 ተስማሙ።

ሽማግሌው ጋቢውን እያጠፉ፣ «ለማን ነው ልጄ?» አሉት።

«ለአባቴ ነው፣ አባባ። የመጀመሪያ ደመወዜ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን አቆሙ። የታጠፈውን ጋቢ ወደ መደርደሪያው መልሰው ወደ ጓዳ ገቡና ሌላ ይዘው መጡ። «ያኛው ለአላፊ አግዳሚ የሠራሁት ነው። ለአባትህ ይኸን ውሰድ» አሉት።

እኛ ልዩነቱን አላየንም። ነርሷ ግን ፈታይ እናት ያሳደገቻት ናትና ሁለቱንም በየተራ ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋቻቸው። በመጀመሪያው ውስጥ ደጅ ያለው ሰው እንደ ጥላ ታየ፤ በሁለተኛው ግን ምንም አልታየም።

«ለምን ሁሉንም እንዲህ አይሠሩትም?» አለ ጓደኛችን።

«ሰው ዋጋ ሲያወርድብኝ እኔ የማወርደው ከማጉ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ዋጋው የታወቀ ነው። ከእሱ ምን ይቀነሳል? የቀረኝ የሚስቴ ፈትልና የእኔ ጉልበት ነው። ጋቢ ደግሞ አራት እጥፍ ነው፤ ብዙ ማግ ይበላል። ሲከራከሩኝ አሳሳዋለሁ። የተከራከረው ሰው አትርፌ ሄድኩ ይላል፤ እኔም አልከሰርኩም። የከሰረው ጋቢው ነው።»

ጓደኛችን ገንዘቡን አወጣና 2,800 ብር ቆጥሮ ሰጣቸው። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ቆጠሩት፤ «ይቅር፣ አይሆንም» የሚል ይሉኝታ አላበዙም። «አባትህ በጤና ይልበሱት፤ ሌላም ያድርስህ» ብለው መረቁት፤ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ።

ይህን የምጽፈው በገበያ መከራከር ነውር ነው ለማለት አይደለም። ክርክር የገበያ ወግ ነው፤ ሻጭና ገዢ የሚተዋወቁበትም ጨዋታ ነው። የወጣት ሠራተኛ ደመወዝም ስንት እንደሆነ የሚነግረን አያስፈልገንም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ቡና ቤት ስንገባ ቢራው ከተጻፈው ዋጋ እንዲቀንስልን የምንጠይቅ የለንም፤ ከፋብሪካ የወጣ ሸሚዝ ላይ የተለጠፈውንም ቁጥር እናከብራለን። ክርክራችን የሚበረታው በእጅ በተሠራው ላይ ነው። ለምን ቢባል የማሽን ድካም ዋጋ እንዳለው ስናምን፣ የሰው እጅ ድካም ግን በነጻ የሚገኝ ስለሚመስለን ነው።

ይህ አመለካከት የቆየ ታሪክ አለው። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ መባል ስድብ የነበረበት ዘመን ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዛሬ በበዓል ቀን የሸማኔን ሥራ የማይለብስ ሹምም ተማሪም የለም፤ በስድብ ፋንታ ምስጋና ይሰማል። ንቀቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከአፍ ወጥቶ ወደ ዋጋው ክርክር ገብቷል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን የምንተርተው እኛው፣ ድሩን ያበረው ሰው ምን እንደሚበላ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

ስለዚህ ወደ ዶርዜ የምትሄድ አንባቢ ሆይ፣ ሹራብ ያዝ፤ ቆጮውን በትኩሱ ብላ፤ ፖሙንም ግዛ። ጋቢ ስትመርጥ ማጉን ማን እንደፈተለው ጠይቅ፤ ለማን እንደምትገዛውም ለሸማኔው ንገረው። ከመክፈልህ በፊት ግን ወደ ብርሃን ዘርጋው። ሾልኮ የሚታይህ ብርሃን ካንተ በፊት የመጣ ገዢ ያስቀነሰው ዋጋ ነው።