ጥይት ያላገኘው ጉልበት

ሳነክስ ያየኝ ሁሉ «ጥይት ነው?» ይለኛል። ወታደር የነበረ ሰው በሌላ ምክንያት ያነክሳል ብሎ የሚገምት የለም። እኔም ጥያቄውን ብዙ ዓመት በዝምታ አሳልፌዋለሁ፤ ዝምታዬ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ውሸት ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ላይቤሪያ ነበርሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 በተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የሰላም አስከባሪ ጦር ውስጥ እኛ ኢትዮጵያውያን በምሥራቅ በኩል፣ በዝዌድሩ ሰፍረን ነበር። ጦርነቱ አብቅቷል። ቀኑ በቅኝትና በጥበቃ ያልፋል፤ የአገር ናፍቆት ግን አያልፍም። እርሱን የምንረሳው ኳስ ሜዳ ላይ ብቻ ነበር። የጆርጅ ዊሃ አገር ልጆችም ከአጥሩ ውጪ ቆመው ያጨበጭቡልን ነበር።

ሜዳው ቀይ አፈር ነው፤ በዝናብ ያዳልጣል፤ በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። አንድ የታኅሣሥ አመሻሽ ተከላካዩን ላልፍ ስዞር እግሬ መሬቱን ነክሶ ቀረ፤ ገላዬ ግን ዞረ። ጉልበቴ ውስጥ አንዳች ነገር «ቋ» ሲል ሰማሁ። የነካኝ ሰው አልነበረም።

ወደ ሐኪም መሄድ ሲገባኝ አልሄድሁም። ባንዲራ ለብሼ መጥቼ በኳስ ተጎዳሁ ብዬ ልመዝገብ? ጉልበቴን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከስክሴን አጥብቄ፣ ዐሥራ አንድ ቀን ለቅኝት ወጣሁ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ከመኪና ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ። ያነሣኝ የጓዴ ትከሻ ነው። ከዚያ በኋላ የእኔንም የጥበቃ ተራ በራሱ ላይ ደርቦ ቆመልኝ።

ሐኪሙ ጅማቱ መበጠሱን ነገረኝ። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ለስላሳ አጥንትም ተቀድዷል፤ «እርሱን ሳይጎዳብህ አልቀረም፣ እየሄድህበት» አለኝ።

ኋላ እንዳነበብሁት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ለሕክምና በአውሮፕላን የተመለሱትን የአሜሪካ ወታደሮች መርምሮ ነበር። ከውጊያ ውጪ ከተጎዱት ከአምስቱ አንዱ ያህል የተጎዳው በስፖርትና በአካል ብቃት ልምምድ ነው። ለካ ብቻዬን አልነበርሁም።

በ2002 ዓ.ም. በሰፈራችን ለቅሶ ቤት ከአንድ የኮርያ ዘማች አባት አጠገብ ተቀመጥሁ። እግሬን ማጠፍ ሲያቅተኝ አይተው፣ «ልጄ፣ የት ግንባር ነው?» አሉኝ። ደረታቸው ላይ ኒሻናቸው ነበር፤ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«አባቴ፣ ኳስ ስጫወት ነው» አልኋቸው።

ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ለቀስተኛው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ለመሆኑ ኳሷ ገባች?» አሉኝ።

ኳሷ የት እንደ ደረሰች አላየሁም ነበር። ያን ዕለት ግን፣ በለቅሶ ቤት መካከል፣ ከዓመታት በኋላ ስለ ጉልበቴ ሣቅሁ።

ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እውነቱን እነግራለሁ። ለሰላም ማስከበር የሚሄድ ወጣት ሳገኝ ደግሞ እንዲህ እለዋለሁ፦ ኳስህን ተጫወት፤ ከተጎዳህ ግን በዚያው ቀን ተናገር። አንተ በደበቅኸው ቁጥር ጥበቃህን የሚቆመው ጓድህ ነውና።