ከእኔ ትበልጣለች

የዳሞታን ተራራ ከኋላዬ ትቼ ከሶዶ ጉኑኖ የገባሁት አፈር ለማየት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 እዚህ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል፤ ዝናብ ከማሳው ምን ያህል አፈር አጥቦ እንደሚሄድ የተለካበት። ልቤን የወሰደው ግን እንሰት ጥላ ሥር የተቀመጠ ብስክሌት ጠጋኝ ነው።

«ሳሮ» አልኩት። ከወላይትኛ ያለችኝ እሷው ናት። ከፊቱ አንድ አሮጌ ማውንቴን ሳይክል ጎማዎቹን ወደ ሰማይ አንጋጦ ተገልብጧል፤ ካቴናውን ቀይ አፈር አልብሶታል። ማርሽ ቀያሪው ላይ ስም የለም፤ ጽሑፉ ተፍቆ አልቋል፤ ቅርጹ ግን የሺማኖ ይመስላል። እኔ ደግሞ አሮጌ የብስክሌት ዕቃ አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ድንጋይ ስቤ ተቀመጥኩ።

የጉኑኖው ጣቢያ በተተከለበት በዚያው ዓመት የጃፓኑ ሺማኖ የመጀመሪያውን የተራራ ብስክሌት ዕቃ፣ ዲኦሬ ኤክስ ቲን፣ ለገበያ አቀረበ። ምልክቱ የአጋዘን ራስ ነበር፣ ከነቀንዱ። እንዴት ያምራል! የንጉሥ ማኅተም ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ አጋዘኑ ጠፋና «ኤስ አይ ኤስ» የሚሉ ፊደላት ብቅ አሉ፤ ማርሹ ቀጭ እያለ በየደረጃው እንደሚገባ ለገዢ የሚያበስሩ። እኔን ከጠየቃችሁ ከስረናል። ቀለም ደግሞ ቀለም ነው፤ ጭቃና ጣት ይበላዋል።

ለገዢ ያልታሰበችው ምልክት ግን ከብረቱ ጀርባ ተመትታ ትኖራለች፦ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ አንዱ ለዓመት አንዱ ለወር። የዓመቱ ቆጠራ «ኤ» ብሎ ከ1976 ይነሳል፤ የወሩ «ኤ» ጃንዋሪ ነው። ጠጋኙ ልጅ የማርሽ ቀያሪውን ጀርባ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ወለወለው። ፒ እና ሲ! በጣቴ ቆጠርኩ፤ ማርች 1991።

«በእኛስ?»

«የካቲት መጨረሻ ወይ መጋቢት 83።»

«ደርግ ሊወድቅ ሁለት ወር ሲቀረው!» ሳቁ ራቅ ብለው ካሉ በግ ጠባቂዎች ዘንድ ደረሰ። «ጋሼ፣ ከእኔ ትበልጣለቻ! አንቱ ልበላት?»

ከዚያ ሚስማር አንስቶ ከፊደላቱ ጎን አንዲት መስቀለኛ ጭረት ጫረ። የደንበኛው ዕቃ ከሌላ ሰው ዕቃ እንዳይቀላቀልበት ነው።