ሳይሰጠን ያመሰገንንበት ዘመን

በ1970ዎቹ ሐዋሳ ውስጥ መዝሙር የሚዘመረው በሹክሹክታ ነበር። ደርግ የወንጌል አማኞችን አዳራሾች በየቦታው ማሸግ ሲጀምር፣ ሰው አራት አምስት እየሆነ በየመኖሪያ ቤቱ መሰብሰብ ያዘ። ከእነዚያ ቤቶች አንዱ የእኛ ነበር።

እናቴ መጀመሪያ መስኮቱን ዘግታ ጋቢ ትጋርድበታለች። ከዚያ ረከቦት ይቀርባል፣ ስኒ ይደረደራል፣ ጀበና ይጣዳል። አብዮት ጠባቂ ቢያንኳኳ ቡና ላይ ነን። መዝሙሮቹን በእጃችን የገለበጥንበት ደብተር ቀን ቀን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚውል፣ ማታ ገጹን ስንገልጥ ጣታችን ነጭ ይሆን ነበር። እልል ማለት ያማረው ሰው እጁን አፉ ላይ ይጭናል።

ከዚያ ቡና የማይቀሩ አንዲት ጎረቤት ነበሩን። የቅዱስ ገብርኤልን ደጅ የማይለቁ ኦርቶዶክስ እናት ናቸው፤ በሃይማኖት ነገር ከእናቴ ጋር ተስማምተው አያውቁም። ቢሆንም በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጡና፣ ኮቴ ሲሰሙ ሳል ሳል እያሉ ያስጠነቅቁናል። የራሳቸውም ሐዘን ነበረባቸው። ፓትርያርካቸው አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ወርደው ታስረዋል። በ1971 እሳቸውም፣ የወንጌላዊት መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ፤ የሁለቱም አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ያቺ ትንሽ ክፍል የሁለት ቤተ ክርስቲያን ሐዘንተኞችን በአንድ ጀበና ዙሪያ ትሰበስብ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ሐዋሳ ለወንጌል አማኞች እምነት እንግዳ አልነበረችም። በ1950ዎቹ የስዊድን ፊላደልፊያ ሚሲዮን እዚህ በሚያዘጋጀው የክረምት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ላይ ከየአገሩ ተማሪዎች ይመጡ ነበር። እዚህ የተቀጣጠለውን ይዘው ወደየመጡበት ተመለሱ፤ የሕይወት ብርሃን ቤተ ክርስቲያንም መነሻዋ ይኸው ሚሲዮን ነው። ስለዚህ የመከራው ዘመን ሲመጣ ሰው መጸለይን ያውቅበት ነበር።

ዛሬ ድረስ የሚገርመኝ ግን የጸሎቱ አጀማመር ነው። ስኳር በቀበሌ ኩፖን ነው፤ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈሳል፤ ወንድሞች እስር ቤት ናቸው። ያም ሆኖ ልመና ከመምጣቱ በፊት እናቴ «ለዛሬ ያደረስከን ተመስገን» ትላለች፤ ሌላውም እየተቀበለ ያመሰግናል። ስለ ታሰሩትም የሚጸለየው እንዲፈቱ ብቻ አልነበረም፤ እንዲጸኑም ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ እምነቱን አልክድም በማለቱ ሰባት ዓመት ሲታሰር፣ እስር ቤት ሆኖም መዝሙር መድረሱን አልተወም። በእነዚያ መዝሙሮች ስንቱ እንደተጽናና የዘመኑ ሰው ያውቃል። ያ ሁሉ ምስጋና የቀረበው ከመልሱ በፊት ነበር።

1983 መጣ፤ ደርግ ወደቀ፤ በሩ ተከፈተ። ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ እሑድ ጠዋት በየሰፈሩ ድምፅ ማጉያው ይሰማል፤ ሺዎች የሚይዙ አዳራሾች ቆመዋል፤ ወጣት መዘምራን አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስታዬ ልክ የለውም። እናቴ ይህን ለማየት ስትጸልይ ሰምቻታለሁና።

አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ምስክርነት ሲባል ማይክ የሚይዘው ቪዛ የመጣለት፣ መኪና የገዛ፣ ቤት የሠራ ነው። ለእነሱም እልል እላለሁ። ቪዛው የተከለከለውና በሽታው ያልለቀቀው ግን ኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ አንዳንዱም እምነት ቢኖረኝ ኖሮ እያለ ራሱን ይከስሳል። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው አለ። በዚያ መለኪያ ቢሆን ኖሮ፣ ያኔ ቡና ላይ ከነበርነው አንዳችንም ማይክ አይደርሰንም ነበር።

ያ የድሮው ምስጋና ግን ከከተማችን አልጠፋም። በ2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር ብዙ ሴት ልጆችን አምጥቶ ነበር። በ2014 አገራችን ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል (አጎዋ) ስትታገድ ብዙዎቹ ሥራ አጡ። በሰፈራችን አንድ ክፍል በጋራ የተከራዩ ልጆች ነበሩ፤ ደመወዝ ያላት ሥራ ያጡትን ታበላለች። አንድ ማታ ልጠይቃቸው ገብቼ ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ። ከመቁረሳችን በፊት ሥራ ያጣችው ልጅ ቆማ ጸለየች፤ አብረዋት የሚኖሩትን እየጠራች በእያንዳንዳቸው ፈጣሪዋን አመሰገነች። ስለ ሥራው ያነሣችው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ባጭሩ። ይህ ጸሎት ከእናቴ ቤት ጸሎት ጋር አንድ ነው።

ስለዚህ ለአባቶች፣ ለእረኞችና ለሽማግሌዎች አንድ ልመና አለኝ። በሚመጣው እሑድ ምስክርነት ሲጠራ፣ የተመለሰለት ብቻ አይቁም። ሥራ ያላገኘውን፣ ከሕመሙ ያልዳነውን፣ ልጇን የምትጠብቀውን እናት ጥሯቸው። ማይኩን ስጧቸው፤ ገና እየጠበቁ እንዴት እንደሚያመሰግኑ ይንገሩን። ከእነሱ የምንማረው አለን።