መቶ ሺህ ሰው ዝም ሲል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ

ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ «ኤም» የምትባለዋ ፊደል መድረሻ አጥታለች። የሕንፃ ስም ላይ፣ የመንገድ ምልክት ላይ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በተገኘችበት ሁሉ በቀይ ፕላስተር ኤክስ ተደርጎባታል። ቅዳሜ ሚሺጋን ለአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ይመጣል። በዚህ ሳምንት የሚሺጋንን ስም መጥራት ነውር ነው፤ «ያ የሰሜኑ ቡድን» ነው የሚባለው። ሁለቱ መጋጠም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ ዐድዋ ላይ ድል በተገኘ በዓመቱ ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ እዚያው ተማሪ ነው። ልወስደው ሄጄ የመኪናውን በር እንኳ ሳይዘጋ ጀመረኝ፤ «አጎቴ፣ ዘንድሮ አለቀላቸው። በሜዳችን ነው!» የኛዎቹ 10 አሸንፈው 1 ተሸንፈዋል፤ እነሱ 6 አሸንፈው 5 ተሸንፈዋል። አቋማሪዎቹም ኦሃዮ በ20 ነጥብ ገደማ ይበልጣል ብለዋል። ከዚህ ውስጥ ለባለሜዳነት ብቻ የሚታሰበው ግን ከ2 እስከ 3 ነጥብ ቢሆን ነው። ደግሞስ እ.ኤ.አ. በ2022 በሜዳችን አልነበረም እንዴ 45 ለ23 የተቀጣነው? ይህን ስለው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ማታ እኔና ሾፌር ጓደኞቼ እንደ ልማዳችን ተሰበሰብን። ጾመ ነቢያት ገብቷልና ትሪው ላይ ያለው ሽሮና ምስር ነው። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ፣ «ጩኸት ኳስ አያገባም፣ ልጆቼ» አሉ። ከመካከላችን ቶሊዶ ያደገው ልጅ ሚሺጋንን የሚደግፍ ቢሆንም አልተስማማም። ሃይስኩል እያለ መስመር ላይ ይጫወት ነበርና የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጫፍ ላይ ቆመዋል እንበል። የኳርተርባኩ፣ የመሪው ተጫዋች፣ ድምፅ ካልተሰማዎት ኳሷ እስክትነሣ በዓይንዎ መጠበቅ ነው። ዓይንዎ ኳሷ ላይ ከሆነ ፊት ለፊትዎ ያለውን ሰውዬ እንዴት ያዩታል? እሱ ተነሥቶ እርስዎ ገና ነዎት። ቸኩለው ከተነቃነቁ ደግሞ 5 ያርድ ቅጣት።»

ለዚህ ነው እንግዳው ቡድን በምልክት የሚጫወተው። አንዱ ዞር ብሎ ኳርተርባኩን ያያል፤ ከዚያ ኳሷን የያዘውን ነካ ያደርገዋል። ያቺ የዐይን ጥቅሻ የምታህል መዘግየት ናት የባለሜዳው ትርፍ። ደጋፊውም ይህን ያውቃል፤ እንግዳው ኳስ ሲይዝ ይጮኻል፣ የራሱ ቡድን ሲይዝ ጸጥ ይላል። እንደኛ በእግር ኳስ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21፣ ማታ

ኅዳር ጽዮንን አክብረን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጨዋታው ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ነጠላዬን የኋላ ወንበር ላይ አጥፌ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ሌን አቬኑ አጠገብ ቆሜ ሬዲዮ ከፈትኩ። ስታዲየሙ ቅርብ ስለሆነ ጩኸቱ ከሬዲዮው ቀድሞ ይደርሳል። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ደግ ይሁን ክፉ አስቀድሜ አውቃለሁ፤ ከዚያ ጋዜጠኛው ይነግረኛል። እ.ኤ.አ. በ1922 የተከፈተው ያ የፈረስ ኮቴ ቅርፅ ያለው ስታዲየም ከ102 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። መጀመሪያ ላይ ጩኸቱ የመኪናዬን መስታወት ያንቀጠቅጥ ነበር።

ለዕረፍት የወጡት 10 እኩል ነው። ከዚያ በኋላ ኦሃዮ አንዲት ነጥብ አላገባም። በጨዋታው ሁለት ፊልድ ጎል (በምሰሶዎቹ መሐል በእግር የሚመታ ኳስ) ስቷል፤ ሁለቱም የሚሳቱ አልነበሩም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከውጭ የምሰማው ነው። ሚሺጋን ኳስ ሲይዝ መጮህ የነበረበት ሕዝብ ድምፁ እየሳሳ ሄደ። 45 ሴኮንድ ሲቀረው ከስታዲየሙ ምንም አልሰማሁም። ሬዲዮው ተከትሎ ነገረኝ፤ የሚሺጋኑ ዶሚኒክ ዝቫዳ ከ21 ያርድ መትቶ አግብቷል። 13 ለ10።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም አይቶታል። ሚሺጋኖች መሐል ሜዳ ላይ ባንዲራቸውን ሊተክሉ፣ የኛዎቹ ሊያስጥሉ ተያያዙ፤ ፖሊስም በርበሬ ነፋ። የሰው ቤት መጥቶ ባንዲራ መትከል ጌጥ አይደለም። ተሸንፎ መደባደብም እንደዚያው።

ዛሬ ያመንኩት ነገር አለ። መቶ ሺህ ሰው አብሮ ሲፈራ፣ ፍርሃቱ የሚወድቀው በገዛ ልጆቹ ትከሻ ላይ ነው። ለሚሺጋን ሦስት ዓመት ተከታትሎ የተሸነፈ ሕዝብ አራተኛውን እየጠበቀ ነበር የተቀመጠው። ሜዳው ላይ ያሉት የሃያ ዓመት ልጆች ያንን አይሰሙም ማለት ዘበት ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 29

የፕሌይኦፉ (የሻምፒዮናው ጥሎ ማለፍ) ድልድል ወጣ። ቴነሲ ወደ ኮለምበስ ይመጣል። የኮሌጅ ፉትቦል ፕሌይኦፍ 12 ቡድን ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ዙርም በዩኒቨርሲቲዎቹ በራሳቸው ሜዳ ይካሄዳል። እስከ ዛሬ ፕሌይኦፍ በገለልተኛ ሜዳ ብቻ ነበር።

የእህቴ ልጅ ዝም ብሏል። ጋሼ ግን ነገር አላለቀባቸውም። «እኛ ኢትዮጵያውያን ስታዲየማችን አያሟላም ተብሎ በሰው አገር 'በሜዳችን' ስንጫወት አልነበረም? እ.ኤ.አ. በ2022 ግብፅን 2 ለ0 ያሸነፍነው የት ነው? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! ሜዳ ምን ያደርጋል?» እውነታቸውን ነው፤ ያን ቀን መንገድ ላይ መኪና አቁሜ ነው ያጨበጨብኩት። ግን ያን ቀን አዲስ አበባ ስታዲየም ቢሆን ኖሮ ማለትን ማን ይከለክለኛል? በኮሮና ዘመን የጀርመን ቡንደስሊጋ በባዶ ስታዲየም ሲጫወት የባለሜዳዎች አሸናፊነት ቀነሰ፤ ዳኞች ለእንግዶቹ የሚመዙት ቢጫ ካርድም ቀነሰ። ይህን ስነግራቸው ጋሼ፣ «ዳኛማ ሰው ነው» ብለው ቡናቸውን አነሡ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ትናንት ማታ ስታዲየም ገባሁ። የእህቴ ልጅ ጓደኞች ለዕረፍት ወደየቤታቸው ሄደው ትኬት ተገኘ። ስንት ቀን ሙሉ «ትኬታችሁን ለቴነሲ ሰው አትሽጡ» ሲባል ከርሞ፣ ከፊት ለፊታችን ያለው ሰገነት በቴነሲ ቀለም ብርቱካንማ በብርቱካንማ ነበር። ልቤ ፈራ።

ጨዋታው ሲጀመር ግን የምፈራበት ጊዜ አላገኘሁም። ብርዱ ከዜሮ በታች ነው፤ የሚጮኸው ሰው ሁሉ አፉ ይጨሳል። ከጎኔ የቆሙ አንዲት አሮጊት፣ ቴነሲ ሦስተኛ ሙከራ ላይ በደረሰ ቁጥር ጓንታቸውን አውልቀው በቀለበታቸው የብረቱን መደገፊያ ይደበድባሉ፤ ኳሷ እንደሞተች መልሰው ያጠልቃሉ። ኦሃዮ ኳስ ሲይዝ ደግሞ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው እኔን ጭምር ዝም ያሰኙኛል። በመጀመሪያው ሩብ ብቻ 21 ለ0 ሆነ። ያ ሁሉ ብርቱካንማ ሕዝብ ድምፁ ጠፋ። ሲያልቅ 42 ለ17።

ሕዝቡ ከሦስት ሳምንት በፊት የነበረው ነው፤ ስታዲየሙም ያው። ልዩነቱ ትናንት ማንም ሽንፈት እየጠበቀ አልመጣም። የሚያጣው ነገር አልነበረውም።

በዚህ ዙር ኖተርዳም፣ ፔን ስቴት፣ ቴክሳስና ኦሃዮ፣ አራቱም ባለሜዳዎች አሸነፉ። ትንሹ ልዩነት 10 ነጥብ ነው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 25

ሩብ ፍጻሜ ላይ የገጠምነው ኦሪገን አለቀለት፤ ሮዝ ቦውል ላይ 41 ለ21። ጥቅምት 2 ቀን ሜዳቸው ዩጂን ድረስ ሄደን በ1 ነጥብ፣ 32 ለ31 ነበር ያሸነፉን። አሁን በገለልተኛ ሜዳ አንድ ጊዜ 34 ለ0 ደርሰን ነበር። ጋሼም ይቺን ሰምተው ትንሽ አሰብ አደረጉ።

እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ዙር እንዳይጫወቱ የታለፉት አራቱ፣ ኦሪገን፣ ጆርጂያ፣ ቦይዚ ስቴትና አሪዞና ስቴት፣ አራቱም ወደቁ። ሽልማት ተብሎ የተሰጣቸው ዕረፍት ነው፤ በገዛ ደጋፊያቸው ፊት መጫወት ግን ተነፈጉ። ከእነሱ በታች የተመደበው ኦሃዮ በሜዳው ተጫውቶ ልቡ ሞልቶ ሄደ። ዓመቱን ሙሉ የለፋ ቡድን ሩብ ፍጻሜውን በራሱ ስታዲየም ቢጫወት ማን ይጎዳል? የዩጂን ተማሪ ካሊፎርኒያ ድረስ የሚሄድበትን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ይህ መለወጥ አለበት።

ቀጣዩ ቴክሳስ ነው፤ ጥር 2፣ ኮተን ቦውል፣ አርሊንግተን። «ገለልተኛ» የተባለው ሜዳ ከኦስቲን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ከኮለምበስ ግን 1,000 ማይል ያህል። ጣራውም የሚዘጋ ነው። የእህቴ ልጅ «ይሄማ የነሱ ሜዳ ነው» ብሎ ተናዷል። ቶሊዶ ያደገው ልጅ፣ ሚሺጋንነቱን ለጊዜው ረስቶ፣ የኦሃዮ መስመር በምልክት መጫወትን ዩጂን ላይ በደንብ ተለማምዷል ይላል። ጋሼ ቴክሳስ ብለዋል። እኔ ኦሃዮ ብያለሁ፤ በ7 ነጥብ። ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ ሽሮው የኔ ቤት ነው።