ስለ ኩላሊት ደዌና ስለ ዘር ውርስ

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ አበው። ይህ የተነገረው ስለ ጠባይ ነው፤ ስለ ደዌም ቢነገር እውነትነት አለው። በጣና ዳርም ሆነ በሌላው አገር፥ ከአንድ ቤት ሁለት ወንድማማች ፊታቸው አብጦ ኩላሊታቸው ደክሞ ቢገኙ፥ ጎረቤት የቤቱን ዘር መቁጠር ይጀምራል፤ እርግማን ነው የሚልም አይታጣም። የሊቃውንት ምርመራ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል።

በሰው ደም ውስጥ አፖል አንድ የሚባል ፕሮቲን እንደ ዘበኛ ይኖራል። የቆላ ዝንብ የሚያመጣውን የእንቅልፍ በሽታ ተሕዋስያን በስቶ ይገድላል። ከተሕዋስያኑ ወገን ግን ይህን ዘበኛ የሚቋቋም አለ፤ በአንዳንድ አፍሪካውያን ዘንድ ደግሞ የዘበኛው መልክ ተለውጦ ያንን ድል የሚነሣ ሆኗል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2010 እንደ ተገለጠው፥ ይህን ለውጥ ከአባትም ከእናትም የወረሰ ሰው በኩላሊት ደዌ ለመያዝ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። አባቶችን ያዳነው ጋሻ ለልጆች ሸክም ሆነ ማለት ነው።

ለውጡ በምዕራብ አፍሪካ ተወላጆች ዘንድ የበዛ ሲሆን፥ በኢትዮጵያውያን ዘንድ እጅግ ጥቂት ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ከብቱን በገንዲ የሚፈጀው ዝንብ የሚኖረው ግን ዓባይ ከባሕር ዳር ወጥቶ ርቆ በሚወርድበት በምዕራቡ ቆላ ነው። በ2011 የታተመ ጥናት በእስራኤል አገር የሚታከሙ ኤች አይ ቪ ያለባቸውን ትውልደ ኢትዮጵያውያን መርምሮ፥ ቫይረሱ በሌሎች አፍሪካውያን ላይ የሚያደርሰውን የኩላሊት ጥፋት አላገኘባቸውም። እንግዲህ የቆዳን ቀለም ብቻ አይቶ ዘርንና ደዌን የሚፈርድ ሐኪም ይሳሳታል።

ይህ ግን ለቸልተኝነት ምክንያት አይሆንም። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ኩላሊትን ያጠፋሉ። ኢምዩኖግሎቡሊን ኤ የተባለው የደም ዘበኛም በውርስ ጉድለት ሲያገኘው በኩላሊት ላይ ተከማችቶ ሊጎዳው ይችላል፤ ነገር ግን ያው ጉድለት ሳይታመሙ በሚኖሩ ዘመዶች ደም ውስጥም ተገኝቷል። ስለዚህ ውርስ ፍርድ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው።

በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረበት ከ2015 ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ኩላሊቱን ለወንድሙ የሚሰጥ ሰው ከዚያው ዘር ነውና፥ አስቀድሞ ራሱ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል። ደዌ የገባበት ቤት ዘሩን ቢቈጥር መልካም ነው፤ የሚቈጥረው ግን በደለኛውን ለመፈለግ ሳይሆን፥ ገና ያልታመመውን በጊዜ ወደ ሐኪም ለማድረስ ይሁን።